በበጋ የለመለመ አይዋሽም

ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሰቆጣ ዙሪያ

ለወንድሜ ልጅ ለሠርካለም የሻምበል፤

ያለሽበት አገር ብርዱም ሰዉም ይራራልሽ። የአባትሽን ነፍስ ይማር። እኛ አለን። ዘንድሮ ገብሱ ቁመቱ ከጉልበት አላለፈም፤ ቢሆንም እናጭደዋለን።

ይህን ደብዳቤ እህትሽ ሰላማዊት ከአዲስ አበባ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሻለች። መልስሽንም በወረቀት አትማ በአውቶቡስ ታድርስልኝ ብያታለሁ። ስልክ አልወድም። በስልክ የተባለ ነገር ሲካድ ምስክር የለውም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጄ ዓለምነህ ዐረብ አገር ከገባ ሦስት ዓመት ሆነው። በበረሃ የሰው በግ ይጠብቃል። ድምፁ ከጠፋ ስድስት ወር አልፏል። ለመጨረሻ ጊዜ እኔ ዘንድ ለምትኖረው ለሚስቱ ለሸጌ ደውሎ ያላት ይህን ነው፦ "በብረት ምሰሶ አናት ላይ ቀን ከሌት የሚነድ እሳት አለ፤ ነዳጅ የሚያወጡበት ነው። አገሩ ሁሉ አሸዋ ነው፤ ከእሳቱ ወዲህ ግን አንድ ለምለም ቦታ አለ። ቄጠማ አለው፣ ሸምበቆ አለው። ለአባቴ ንገሪው፤ እንዳስተማርከኝ አገኘሁ ብሏል በይው።" አብሮት አንድ የጎረቤት ወረዳ የደሃና ልጅ ይሠራል፤ እንግዳው ይባላል። የእሱም ስልክ አይነሣም።

አንቺ ታውቂኛለሽ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ ብቻዬን ነው። ውኃን ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ። በዚህ ቀበሌ አሥራ አንድ ምንጭ አውጥቻለሁ። ሁለቱን መሐንዲስ መጥቶ "እዚህ ውኃ የለም" ብሎ ከሄደ በኋላ ነው ያወጣኋቸው። በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ "በበጋ የለመለመ አይዋሽም" የሚል ደንብ ተጽፏል። ዓለምነህ ይህን ደንብ የያዘው አባታችን ሆይን በያዘበት ዓመት ነው።

አሁን ሰዉ ልጅህ ሞቷል፣ ለቅሶ ተቀመጥ ይለኛል። አልቀመጥም። ለምለም ያገኘ ሰው አይሞትም። ሰላማዊት እንደነገረችኝ አንቺ ሆላንድ የምትሠሪው ሰማይ ላይ የሚዞረው ሳተላይት ባነሣው ፎቶ በነዳጅ ጉድጓዶች አጠገብ የበቀለውን ሣርና ቁጥቋጦ መመርመር ነው። እንግዲያው ጉዳዩ የአንቺ ሥራ ነው። ያንን ቦታ ፈልጊልኝ። ገንዘብ አትላኪ። ቦታውን ላኪ።

አጎትሽ ደግሰው ምሳው


ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሆላንድ

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ደግሰው፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን አሁንም ያምዎታል? እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

የሥራዬን ነገር በግልጽ ልንገርዎ። ሳተላይቱ በየአምስት ቀኑ በአንድ ቦታ ላይ ያልፋል። በሚያነሣው ፎቶ ላይ አንዷ ነጥብ ወርዷ አሥር ሜትር፣ ቁመቷም አሥር ሜትር ነው። የእርስዎ አውድማ በዚያ ፎቶ ላይ አንድ ነጥብ ብትሆን ነው። ሰው ግን አይታይም። ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ብርሃን አብዝቶ ስለሚመልስ ኮምፒውተሩ ለምለሙን ከአሸዋው ይለየዋል። በዚያ በረሃ በነዳጅ ጉድጓዶች ዙሪያ ብቻ ከአራት መቶ በላይ ለምለም ቦታዎች ቆጥረናል። ከእነዚህ የዓለምነህን ለመለየት ተጨማሪ ነገር ያስፈልገኛል። የሚነደው እሳት ስንት ነበር? በየት በኩል? መንገድ አለ? የለምለሙ ቅርጽ ምን ይመስላል?

ሸጌን አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁልኝ። ከዚያ ውኃ ጠጥቻለሁ ብሏት ነበር?

እግዚአብሔር በሰላም ያቆይልኝ።

ሠርካለም


ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሰቆጣ ዙሪያ

ለሠርካለም፤

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ማስተዋልሽም አብሮ ይርዘም።

የጠየቅሽውን ከሸጌ አፍ እንደ ምስክር ቃል ጽፌዋለሁ። እሳቱ ሦስት ነው፤ በአንድ መስመር ቆሟል። ፀሐይ ስትወጣ እሳቶቹ በእሱና በፀሐይዋ መካከል ናቸው። አስፋልቱ ከኋላው በእግር የአንድ ቀን መንገድ ነው። ለምለሙ ማጭድ ይመስላል፤ ጫፉ ወደ እሳቶቹ ይታጠፋል።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ግን ገርሞኛል። ውኃ ጠጣ ወይ ትያለሽ? ሰው ውኃ የሚፈልገው ሊያየው ነው? ከቄጠማው ክንድ ያህል ርቀህ ቆፍር፣ በአሸዋ ይጥለል፣ አሳድረው፣ በጨርቅ አጥልለው፤ ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጠጥቷል። ለምን እንደጠየቅሽ ደግሞ አልጻፍሽም። ጥያቄ ከነምክንያቱ ነው የሚጠየቅ።

ባለፈው ሰንበት የሸጌ እናት ወለተ ጊዮርጊስ መጥታብኝ ነበር። በራፌ ላይ ቆማ፣ ግቢ ብላት አልገባም ብላ፣ "አንቱ ከድንጋይ ውኃ ያወጣሉ፤ የልጄን እንባ ግን ገድበው ይዘዋል" አለችኝ።

"ሬሳ አሳዪኝና ላልቅስ" አልኳት።

"ልጄ ባል አላት አይባል፣ የላትም አይባል። በስንት ዓመቷ ነው ወይ ሚስት ወይ መበለት የምትሆነው?"

"ዓለምነህ ያለው ለምለም ላይ ነው" አልኳት።

"በግም የሚታረደው ለምለም ላይ ከሰባ በኋላ ነው" ብላኝ ሄደች።

ሰዉ ሰምቷል፤ ሲስቅም ሰምቻለሁ። ቦታውን ስትልኪልኝ ማን እንደሚስቅ እናያለን። አትዘግዪ።

አጎትሽ ደግሰው


ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሆላንድ

ለተከበሩ አጎቴ፤

በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፋሲካው እንዴት አለፈ? ዝናብ ጀመራችሁ?

ቦታውን አግኝቸዋለሁ። ሦስቱ እሳቶች በምሥራቅ በኩል በአንድ መስመር ይታያሉ፤ አስፋልቱ በምዕራብ ነው፤ ለምለሙም እንዳሉት ማጭድ ይመስላል። በሌላ ቦታ እንዲህ ያለ አላየሁም። ሰላማዊት ፎቶውን በትልቅ ወረቀት አሳትማ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታደርስልዎታለች።

የቆዩትንም ፎቶዎች ተመልክቻለሁ። በ2008 ዓ.ም. እዚያ አሸዋ ብቻ ነው። በ2011 ጥቂት ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየሰፋ ሄዷል። ዝናብ ዘነበም አልዘነበም መጠኑ አይቀንስም፤ በጋና ክረምት አያውቅም።

አጎቴ፣ ፎቶው ለጊዜው በቤትዎ ቢቆይ ደስ ይለኛል። ለሰው ሁሉ ባያሳዩት።

ሠርካለም


ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሰቆጣ ዙሪያ

ለሠርካለም፤

ዓይንሽን አይንሣሽ። ወረቀቱ ከነሙሉነቱ ደረሰኝ።

ቤት ይቆይ ያልሽውን አልተቀበልኩም። እኔ የተደበቀ እውነት አልወድም። በላስቲክ ጠቅልዬ ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ከጥዱ ላይ ሰቀልኩት። ቄስ ገብረ ሊባኖስ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ዓለምነህ ያለበት ነው ስላቸው ተዉኝ። ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ቆሞ ያየዋል። ሴቶቹ በሩን ከተሳለሙ በኋላ እሱንም ይስሙታል። ወለተ ጊዮርጊስም አየችው። ሸጌ ቀለበቷን መልሳ አድርጋለች። ለአጎቷ ልጅ ሰርግም ሄዳ አጨበጨበች።

ሌላም ነገር አለ። ደሴ የሚባለው የጎረቤቴ ልጅና ሁለት ጓደኞቹ ከመስቀል በኋላ በወልድያ አድርገው፣ በአፋር በኩል ወደዚያው አገር ሊሻገሩ ነው። ፎቶውን በስልካቸው አንሥተውታል። ደንቤን ከደብተሬ እንዲገለብጡ ፈቀድኩላቸው። በረሃ ለሚገባ ሰው ከዚህ የተሻለ ስንቅ የለኝም።

አሁን ወደ አንቺ ቃል ልመለስ። "በጋና ክረምት አያውቅም" ብለሽ ጽፈሻል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። ካወጣኋቸው አሥራ አንድ ምንጮች በበጋ የማይቀንስ አንድም የለም። ዝናብ የሌለበት ውኃ ከየት ይመጣል? በ2008 ያልነበረ ምንጭ በ2011 ማን አወጣው? አንቺ ውሻ እንዳለበት ቤት ዙሪያውን እየዞርሽ ነው፤ በሩን አታንኳኪም። ውኃውን ጠጥቶ ነበር ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝንም አልረሳሁም።

በቀጥታ እጠይቅሻለሁ። ያ ውኃ የምን ውኃ ነው?

አጎትሽ ደግሰው


ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሆላንድ

ለተከበሩ አጎቴ፤

እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥዎ። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠው ያንብቡት፤ ቄስ ገብረ ሊባኖስም አጠገብዎ ይሁኑ።

ነዳጅ ከጥልቅ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። ብዙ ውኃ አብሮት ይወጣል። ውኃው ጨው አለው፣ ዘይት አለው፣ ሰውን የሚጎዳ ሌላም ብዙ ነገር አለው። ነዳጁን ይለዩና ውኃውን በጉድጓድ ያጠራቅሙታል። ጉድጓዱ ያፈሳል፣ ቧንቧው ያፈሳል፣ አንዳንድ ቦታም እያወቁ ሜዳ ላይ ይለቁታል። ሸምበቆ ጨውን ስለሚችል በዚያ ላይ ይበቅላል። እኛ ልምላሜውን የምንፈልገው መልካም ነገር ስለሆነ አይደለም። ውኃው የት የት እንደፈሰሰ የሚያሳብቀው እሱ ስለሆነ ነው። በበረሃ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ስናገኝ "እዚህ ፈስሷል" ብለን ቀይ ምልክት እናደርግበታለን።

ያ ማጭድ የሚመስለው ቦታ በእኔ ዝርዝር ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛ ነው። ቀዩን ምልክት ያደረግኩበት በ2014 ዓ.ም. በገዛ እጄ ነው። ያን ጊዜ ዓለምነህ እዚያው ነበር፤ ደኅና ነበር። እኔ ነጥብ ቆጥሬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

እንግዳውን አግኝቸዋለሁ። ሰላማዊት በእህቱ በኩል ስልኩን አገኘችልኝ። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ፈርቶ ቁጥሩን ለውጦ ነበር። የነገረኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልዎታለሁ።

ባለበጎቹ ሰውዬ ውኃ በየሳምንቱ በቦቴ ይልክላቸው ነበር። በ2015 ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ቦቴው ቀረ። ሁለት ሳምንት ጠበቁ። እንግዳው "እስከ አስፋልቱ በእግራችን እንሂድ" አለው።

ዓለምነህ "በጎቹን ለማን ጥለን? ደግሞ ውኃ አጠገባችን እያለ" አለው።

ከሸምበቆው ክንድ ያህል ርቆ ቆፈረ። በአሸዋ እንዲጠልል አደረገው፣ አሳደረው፣ በጨርቅ አጠለለው። እንግዳው ቀምሶ ተፋው። "የኩራዝ ጋዝ ይሸታል" አለው።

ዓለምነህ ሳቀበት። "እናንተ የደሃና ሰዎች ውኃ የምታውቁት በጀሪካን ነው። አባቴ አሥራ አንድ ምንጭ ያወጣ ሰው ነው። በበጋ የለመለመ አይዋሽም" አለው።

እንግዳው በመጨረሻው ጀሪካን የቀረውን እየቆጠበ ጠጣ። ዓለምነህ "አንተ ጠጣው፣ እኔ ምንጭ አለኝ" ብሎ ድርሻውን ሰጠው። በዘጠነኛው ቀን መቆም አቃተው። እንግዳው አስፋልቱ ድረስ ሄዶ መኪና ለምኖ ሲመለስ ሞቶ አገኘው። ግንቦት 14 ቀን ነበር። የቀበረው ከሸምበቆው ጥግ ነው። ሌላው መሬት ለእጅ አልመች ስላለው።

ይህን የሰማሁት ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ሰባት ወር ይዤው ቆይቻለሁ። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላወቅኩም። እርስዎ ያስተማሩትን አድርጎ ሞተ ብሎ ለአባት መጻፍ አልቻልኩም። አሁንም የጻፍኩት ለእነ ደሴ ስል ነው። እባክዎ ይንገሯቸው፤ ፎቶውንም ያውርዱት።

ሠርካለም


ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሰቆጣ ዙሪያ

ለሠርካለም የሻምበል፤

ደብዳቤሽ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደረሰኝ። ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ነበር። ጎርፉ ያዘገየው አንድ ወር ነው፤ አንቺ ያዘገየሽው ሰባት ወር ነው።

ተቀምጠህ አንብብ ብለሽኛል። ቆሜ አነበብኩት። ቄሱንም አልጠራሁም።

ሸጌ ባሏ ከሞተ ዓመት ካለፈው በኋላ ሰርግ ላይ አጨብጭባለች። ይህን ያደረግነው እኔና አንቺ ነን። አንቺ እያወቅሽ ዝም አልሽ፤ እኔ ሳላውቅ ተናገርኩ። የቱ እንደሚብስ አሁን አልፈርድም። ግን አዘንኩልህ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ልጄ በሕይወት ሳለ በላዩ ቀይ ምልክት አድርገሽ አልፈሻል። ያልሽውን አምናለሁ፤ ሰው አይታይም ብለሽኛል። ሰው የማይታይበት ማየት ምን ያደርጋል?

በዚህ ቀበሌ መርዶ የምነግር እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ጎሕ ሲቀድ የሰው በር አንኳኩቻለሁ። ለእኔ ግን የሚያንኳኳ ጠፋ። ነገሩ ከሰላማዊት አፍ ወጥቶ ሰቆጣ ደርሷል፤ ሁሉም እኔን ፈርቶ ዝም አለ። ስለዚህ ከመንጋቱ በፊት ተነሣሁ፣ ጋቢዬን ለበስኩ፣ በትሬን ያዝኩ፣ ወጥቼ ውጭ ቆምኩ። ከዚያ የራሴን በር አንኳኳሁ። ሸጌ ከፈተችልኝ። በዚያ ሰዓት በትር ይዤ በር ላይ ስታየኝ ገባት። ጮኸች። ወለተ ጊዮርጊስ ጩኸቱን ሰምታ መጣች፤ ስታልፈኝ አላየችኝም።

ፎቶውን አወረድኩት። ላስቲኩ ላይ የከንፈር ቅባት አለበት። የሳሙት ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

እነ ደሴን ጠርቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ደንቡን ከወረቀታችሁ ሰርዙ አልኳቸው። አንደኛው ሰርዞ ቀረ፤ አሁን ከአባቱ ጋር ያርሳል። ደሴ ግን "ጋሼ፣ ታዲያ የማይዋሸው የቱ ነው?" አለኝ።

"ከቧንቧ የራቀው" አልኩት።

"ከቧንቧ የራቀ ሥራ እኮ የለም" አለኝ።

እሱና ሌላው ጓደኛው ከመስቀል በኋላ ይሄዳሉ። ሁለት ሁለት ጀሪካን እንዲይዙ አድርጌያለሁ፤ በጀርባቸው ሊሸከሙ የሚችሉት ያንኑ ያህል ነው።

ደብተሬን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ልቀደው ነበር፤ አልቀደድኩትም። መሐንዲሱ ሲሳሳት ስሙን ጠርቼ ተናግሬያለሁ። ስለዚህ ከደንቡ ሥር "ልጄ ዓለምነህ በዚህ ሞተ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።" ብዬ ጻፍኩና ቀኑን አኖርኩበት። የአገራችን ሰው ለምለም ሲያይ ደስ ይለዋል፤ እኔም ስልሳ ዓመት ልምላሜን አንድ ጊዜ ሳልጠራጠር ኖርኩ። የመሬቱን ጠባይ አውቄ የሰውን ጠባይ አላስገባሁም። ውኃ ባለቤት ሊኖረው እንደሚችል፣ ባለቤቱም ሊያበላሸው እንደሚችል በደብተሬ አልነበረም።

ለቅሶውን ማክሰኞ ተቀመጥን። አገሩ ሁሉ መጣ፤ ከአበርገሌ ድረስ የመጡ አሉ። ሬሳ ስለሌለ ልብሱን አልጋ ላይ አጋደምንለት። በመጨረሻ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ተነሥተው አጽናኑን፤ እንደ ልማዱም "ነፍሱን በለምለሙ ቦታ ያሳርፍልን" አሉ።

"አባ፣ በደረቁ ያሳርፈው ይበሉ" አልኳቸው።

"ደግሰው፣ እንዲያ ተብሎ አይጸለይም።"

"እንግዲያው ዝም ይበሉ።"

ዝም አሉ። ሕዝቡ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ በዝምታው ላይ አሜን አለ።

አንቺን አልረግምሽም፤ የወንድሜ ልጅ ነሽ። አልመርቅሽምም። አንድ ሥራ ብቻ እሰጥሻለሁ፤ ከዚያም በላይ አልጠይቅሽም። ሳተላይቱ በየአምስት ቀኑ ያልፋል ብለሽኛል። በየአምስት ቀኑ እዪው። ቧንቧው ተደፍኖ፣ ሸምበቆው ከሥሩ ደርቆ፣ ያ ቦታ እንደ ሌላው አሸዋ የሆነ ዕለት ጻፊልኝ። ተዝካሩን የማወጣው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት አትጻፊ።

ደግሰው ምሳው